እህቴ የጡት ራጅ የተነሳችበት ጠዋት

እትዬ ከሞተች ወዲህ አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። ሱቋ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። መርፌው ሲወርድና ሲወጣ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለውም። ከንፈሯ መሀል አራት አምስት ስፒል ይዛለች። በእውኗም እንደዚያ ነበረች። ስፒል በአፏ ከያዘች አትናገርም፤ በዓይኗ ነው የምታዘው። መቀሱን አምጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ልጁን ቀጥ ብለህ ቁም በለው፤ ሁሉንም በዓይኗ። በሕልሜም አንድ ነገር ታዘኛለች። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ እነቃለሁ።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን መጀመሪያ እሷን ወለደች፤ እሷ አምስት ዓመት ሲሞላት መካከለኛዋ እህቴ መጣች፤ ከዚያ ሁሉም ሰው "በቃ" ካለ በኋላ እኔ። ስለዚህ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ቤት ውስጥ ማሙሽ ነኝ።

እትዬ አየር ጤና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጪ ይቆማል። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። አንዳንዴ ትረሳውና እንደዚያው ታክሲ ትሳፈራለች። የስንቱን ሰው ደረት እንደለካች እግዜር ይወቀው።

አንድ ነሐሴ ላይ ገላዋን ስትታጠብ፣ ግራ ጡቷ ውስጥ ሽንብራ የሚያህል ነገር እጇን ነካት። ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ዳሰሰቻትና ለጡት ራጅ ወረቀት ጻፈችላት። እትዬ ወረቀቱን ይዛ መጥታ "ማሙሽ፣ አንተ ትወስደኛለህ" አለችኝ። መካከለኛዋ ሱቅ መጠበቅ ነበረባት። እሺ አልኳት።

እሺ ያልኩት በአፌ ነው። ያኔ አስራ ሁለተኛን ገና የጨረስኩ ልጅ ነኝ። ሴቶች በተደረደሩበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ አንዷ ነጭ ለባሽ በር ከፍታ "የጡት ራጅ!" ብላ ስትጣራ፣ እኔ ብድግ ስል ታየኝ። ጆሮዬ ጋለ። ቃሉን በልቤ ማለት እንኳ ይከብደኝ ነበር።

ከዚያ እትዬ "ትምህርት ቤት ይከፈትና" አለች። እውነቷን ነው፤ ነሐሴና መስከረም የእሷ መኸር ናቸው። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፣ እጅጌ ይለካል፣ ኮሌታ ይተኮሳል። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀጥላ "መስቀል ይለፍና" አለች። ይሄም እውነት ነው፤ እኛ ጉራጌዎች መስቀልን ከተማ ውስጥ አንውልም። አገር ቤት ሄድን፣ በልተን ጠጥተን ተመለስን። ከመስቀል መልስ ደግሞ ዘግይተው የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፣ የጠበባቸው ነበሩ። "ደግሞም አያመኝም እኮ" ትላለች። እኛም ካላመማት ደህና ናት እንላለን። እኛ ቤት የሚያመው ነው በሽታ የሚባለው።

ጥር ላይ ሄደች። ረፍዶ ነበር።

አንድ ነገር አለ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ቀጠሮው በተላለፈ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት ልበለው፤ ደስታ አይደለም፣ መገላገል ነው። ዛሬም አልሄድኩም፣ ዛሬም አላፈርኩም፣ የሚል መገላገል። እሷ "ይለፍና" ባለች ጊዜ "የለም እንሂድ" ማለት የምችለው እኔ ነበርኩ። አላልኩም።

ከዚያ አንድ ዓመት ታመመች፣ ሞተች።

ስትታከም ሐኪሟ አንድ ቀን እናቴንና መካከለኛዋን አስቁሞ ነግሯቸው ነበር። እህቷ ከሆንሽ አንቺም ምንም ሳያምሽ የጡት ራጅ ተነሺ፤ ገና በእጅ የማይዳሰስ ሳለ ራጁ ያየዋል፣ ያኔ ከተገኘ ይድናል፣ ብሎ። መካከለኛዋ ራሷን ነቀነቀች። ራሷን እንደነቀነቀች አንድ ዓመት አለፈ።

"ጤነኛ ሰው ሄዶ በሽታ ይለምናል እንዴ?" ትለኛለች።

"በሽታ ካለ እኮ ሳይለመንም አለ።"

"ተው አትጨቅጭቀኝ ማሙሽ። ቁልፍ ልትተክልልኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትሰብከኝ?"

ሱቁ አሁን የእሷ ነው። የእትዬ ሜትርም አሁን የሚውለው እሷ አንገት ላይ ነው። ከሐዘኑ ጀምሮ ጥቁር አላወለቀችም። በጥቁሩ ላይ ቢጫው ሜትር፣ ከሩቅ ሳየው አንዳንዴ እትዬ ትመስለኝና እግሬ ይቆማል።

ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ሳልነግራት ሄጄ ቀጠሮ ያዝኩላት። ቤቴል ካሉት የግል ክሊኒኮች አንዱ ነው። ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

"ለእህቴ ራጅ ፈልጌ ነበር።"

"የምን ራጅ?" አለችኝ ልጅቷ።

"የ... የላይኛው።"

"ሳንባ?"

"አይ። እዚያው አካባቢ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። "ጻፈው" ብላ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችልኝ። ጻፍኩት። አንብባ ፈገግ አለች። "በጽሑፍ ጎበዝ ነህ" አለችና የቀጠሮ ወረቀት ሰጠችኝ።

ማታ ቤት ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በምርመራው ዕለት ቅባት፣ ዲኦዶራንት፣ ሽቶና ፓውደር አይጠቀሙ ይላል።

"በሐዘን ያለች ልጅ ሽቶ ምን ታደርጋለች!" አለች እማዬ። ሦስታችንም ወረቀቱ እኛን እንደማይመለከት ተስማማን።

መካከለኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ "አንተ ራስህ ትመጣለህ?" አለችኝ።

"እመጣለሁ።"

"በር ላይ አድርሰኸኝ ሻይ ልጠጣ ብለህ አትጠፋም?"

"አልጠፋም።"

"እትዬን ታደርስ ነበር እኮ፤ ግን ስትገባ ዞር ትል ነበር" አለች። ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ። ታውቅ ኖሯል።

ቀጠሮው መጋቢት ላይ ነበር፣ ጾም ውስጥ። የዚያን ቀን ጠዋት ከቤታችን በላይ በኩል፣ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ ጢሱ ዝቅ ብሎ ወርዶ ከጉሙ ጋር ተደባልቋል። ቆሻሻ የሚያቃጥለው የኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፤ ከምድር ያልተነሳ፣ ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ቤታችን ውስጥም ብርሃኑ ያልነቃ ነበር።

እማዬ ከሳጥኗ ቋጠሮ አወጣች። እምነት ነው፤ ለእትዬ ከደብሩ አምጥተንላት የተረፈው። አመድ የመሰለውን ደቃቅ አፈር መዳፏ ላይ አድርጋ በጸበል ለወሰችው። "ነይ፣ ልብስሽን ክፈቺ" አለቻት። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። የእናቴን የጸሎት ድምፅ ሰማሁ። የእህቴንም "ይበርዳል እማዬ" የሚል ሰማሁ። ስዞር ቁልፏን እየቆለፈች ነበር፤ እማዬ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ታክሲው ላይ ወያላው "ቤቴል፣ ቤቴል፣ ሁለት ሰው!" ይላል። ገባን። "እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ" አላት።

"የምን እማማ ነው!" አለችው። "አንተን የሚያክል ወንድም ነው ያለኝ።"

"ይቅርታ እህቴ፣ ጥቁሩን አይቼ ነው።"

"እህቴ አልክ? አሁን ጠጋ እላለሁ።" ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ግን እጇ ጉልበቴን ይዞ ነበር፣ እስክንወርድ አልለቀቀም።

ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚው እንዳሰብኩት ነበር። ሴቶች ብቻ። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ነጭ ለባሿ በር ከፍታ ተጣራች፣ መካከለኛዋ ተነሳች፣ እኔም አብሬ ብድግ አልኩ። ጆሮዬ እንደፈራሁት አልጋለም። በሩ እስኪዘጋ ቆሜ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የነበሩ እናት "ባለቤትህ ናት?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ታላቅ እህቴ ናት።"

"ተባረክ። የእኔ ወንድሞች እንኳን እዚህ፣ ሰርጌም ላይ ዘግይተው ነው የመጡት።"

በሩ ሲከፈት መካከለኛዋ ሰማያዊ የክሊኒክ ጋወን ለብሳ ብቅ አለች። ለደቂቃ ማን እንደሆነች ጠፋኝ። ከሐዘኑ ወዲህ ጥቁር ሳትለብስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ወጣት ነበረች። ይህን ረስቼው ኖሯል፤ ወጣት መሆኗን።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እንደ ሳንባ ራጅ ቆሜ የምነሳ መስሎኝ ነበር። ጨመቁኝ እኮ! በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መሀል፣ ኮሌታ እንደሚተኮሰው።"

"አመመሽ?"

"አመመኝ ልል ስል አለቀ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄን ነው የፈራሁት? ይሄን ነው እትዬ..." ብላ ተወችው።

ሐኪሟ ጠራችን። ሴት ናት፣ ድምፅዋ የረጋ። እኔ ደጃፉ ላይ አመነታሁ፤ እህቴ እጅጌዬን ይዛ አስገባችኝ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። በሩም እንደተከፈተ ቀረ። ግድግዳው ጋ ትልቅ ስክሪን አለ፤ እዚያ ላይ እህቴ አለች። የሰው አካል አይመስልም። ጉም ይመስላል። ጠዋት ደጃችን ላይ የነበረው ጉም፣ ውስጡ ነጫጭ ጅማት የዘረጋበት። እየኝ እየኝ የሚል ነገር ነበረው። ባላውቅ ኖሮ ያምራል እል ነበር።

ሐኪሟ በእርሳስ ጫፍ አሳየችን። "እነዚህን ነጫጭ ነጥቦች ታያላችሁ? ደቃቅ ናቸው። ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር አይደሉም። አንዳንዴ ግን የመጀመሪያው ምልክት እነሱ ናቸው። በቤተሰብም ስላለ ዝም ብዬ አላልፈውም። ተጨማሪ ምርመራ፣ ምናልባትም በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልገን ይሆናል።"

መካከለኛዋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ጋወኑን አንገቷ ላይ ሰበሰበችው። "እንሂድ" አለችኝ። "ያወቅኩትን አውቄያለሁ። ለእማዬ አንነግራትም። እንሂድ ማሙሽ።"

"ተቀመጪ እስቲ" አለች ሐኪሟ።

"መስከረም ሲያልፍ እመጣለሁ።"

ይህን ስትል ጆሮዬ ውስጥ የእትዬ ድምፅ ነው የተሰማኝ። ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። ነጥቦቹን እያየሁ ነበር። የማውቃቸው መሰለኝ።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ወረቀት መስታወት ላይ አስተኛለሁ፣ ብርሃኑ ከሥሩ ይሄዳል፣ ቅጂው ይወጣል። መስታወቱ ላይ አቧራ ካለ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ ነጥብ ይሆናል። ደንበኛ "ደብዳቤዬን አበላሸህብኝ" ይላል፤ ደብዳቤው ግን ንጹህ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አሠሪዬ የነገረኝ ይሄን ነው፤ ነጥብ ካየህ ወረቀቱን አትይ፣ መስታወቱን ጥረግ። አቧራው ደግሞ እንደ ተጠረገበት አቅጣጫ ነው የሚቀረው፣ መስመር ይዞ።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች መስመር ይዘው ነበር። ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን። በግራውም፣ በቀኙም። ጣት የሄደበት ይመስላል። የእናቴ ጣት።

"ዶክተር" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። "ዶክተር፣ እሱ... ውስጥ አይደለም። ማለቴ፣ ላይዋ ነው። ጠዋት እናታችን ቀብታታለች። እምነት።"

"የት?"

በሩ ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ።

"ጡቷ ላይ" አልኩ። "ሁለቱም ጡቷ ላይ።"

ሐኪሟ ወደ እህቴ ዞረች። "ተቀብተሻል?"

"ቅባት አይደለም እኮ ዶክተር፣ እምነት ነው።"

ራጅ ያነሳቻት ነጭ ለባሽ ብቅ አለች። "እኔ ጠይቄሽ ነበር! ቅባት፣ ዲኦዶራንት፣ ፓውደር አልኩሽ፤ አልተቀባሁም አልሽኝ።"

"አልተቀባሁማ!"

"እምነትስ ተቀብተሻል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ?"

"አዎና!" አሉ ከአግዳሚው እኚያ እናት። "የት አገር ያለሽ መሰለሽ? እኔም ተቀብቻለሁ፣ ሳልገባ አጥቡኝ።"

ሐኪሟ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና። ጠጋ ብላ መብራት አብርታ እህቴን አየቻት። እምነቱ ደርቆ ቆዳዋን መስሏል፤ ከጡቷ ሥር ባለው እጥፋት ግን አለ። "ነጥቦቹ ከዚህ ከሆኑ ስናነሳ እናያለን፤ ካልሆኑም እናውቃለን" አለች። "ታጠቢና ድጋሚ እናነሳሻለን።" ማዕዘን ላይ ያለውን መታጠቢያ አሳየቻት።

መካከለኛዋ አልተነቃነቀችም። "እምነት ፍሳሽ ውስጥ አይገባም።"

"ምን?"

"እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። እናቴ ትሙት፣ መታጠቢያው ውስጥ አላጥበውም።"

ነጭ ለባሿ ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ከመሳቢያ ጥቅል ፋሻ አውጥታ በውኃ ነከረችው። "በዚህ ጥረጊው። ከዚያ ወንድምሽ ይያዘው።"

እኔ ውጪ ጠበቅኩ። እህቴ እጇን በበሩ አሾልካ እርጥብ ፋሻ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። ግራጫ ሆነዋል። በሁለት መዳፌ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው በጣቶቼ መሀል እንዳይንጠባጠብ እጄን ከፍ አድርጌ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። የራጁ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር እዝዝ ይላል፣ ይቆማል። እዝዝ ይላል። የስፌት መኪና ይመስል ነበር። እትዬ እዚያ በር ኋላ ተቀምጣ የምትሰፋ መሰለኝና አልደነገጥኩም። ስፊ፣ ስፊ እትዬ፣ አልኩ በልቤ፣ ደህና አድርገሽ ስፊ።

ሁለተኛው ራጅ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እኔም ገብቼ ቆሜ ነበር፣ ፋሻውን እንደያዝኩ። ያው ጉም። ነጥቦቹ የሉም።

ሐኪሟ ግን ብዙ ቆየች። አሳደገችው፣ አሳነሰችው። "አንድ አለ" አለች። "ግራው ላይ። ይሄ ውስጥ ነው። ክብ ነው፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ የቆየ ይመስላል። አያስፈራኝም፤ ዛሬ መርፌም አያስፈልገውም። ግን በስድስት ወር ደግሜ ማየት አለብኝ። ካልተለወጠ በዓመት በዓመት ትመጫለሽ።"

"ከስድስት ወር በፊት አልመጣም፣ ቃል ነው?" አለች መካከለኛዋ።

"ቃል ነው።"

ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ ያቺው ልጅ ነበረች። በጣቷ ቆጠረች። "ከመስቀል በፊት ያለው ሐሙስ ይደርሳል።"

መካከለኛዋ አፏን ከፈተች። ምን እንደምትል አውቃለሁ። ዩኒፎርም አለ፤ እናቶች በር ላይ ይሰለፋሉ፤ አገር ቤት የሚኬድበት ሳምንት ነው። ሁሉም እውነት ነው። እትዬም አንድ ጊዜ እንኳ አልዋሸችም።

"ሐሙስ ይሁን" አልኩ።

"ማሙሽ፣ ሱቁ—"

"ሱቁን እዘጋዋለሁ። አገር ቤት አርብ እንሄዳለን።"

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። "የምን ምርመራ ልበል?" አለችኝ። አስታውሳኛለች፤ ዓይኗ ይስቃል።

"የጡት ራጅ" አልኳት። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

ፋሻዎቹን አየር ጤና ይዤ ወረድኩ። የሱቁ ደጃፍ ላይ እትዬ በቆርቆሮ የተከለችው ጤና አዳም አለ፤ ሰው አይረግጠውም። እዚያ ጨመቅኳቸው። መካከለኛዋ ቆማ እያየችኝ ነበር። ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች። ሱቁን ከፈተች፣ ከዚያ ሜትሩን ከምስማሩ አውርዳ አንገቷ ላይ አደረገችው።

ቤት ስንገባ እማዬ ከበሩ አልራቀችም ነበር። "ደህና ናት" አልኳት። ስለ አንዷ ክብ ነጥብም፣ ስለ ሐሙሱም ነገርኳት። ስለ ሌሎቹ ነጥቦች ዝም አልን።

"ቀብቼሽ አይደል የሄድሽው" አለች እማዬ፣ የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ። "እሱ ነው የጠበቀሽ።"

መካከለኛዋ አየችኝ። እኔም አየኋት።

"አዎ እማዬ" አለቻት። "በመስከረም ግን ግንባሬን ቀቢኝ።"

በዚያው ሳምንት ሕልሙ ተመልሶ መጣ። ያው ሱቅ፣ ያው ድምፅ የሌለው መርፌ። እትዬ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ በዓይኗ አንድ ነገር አዘዘችኝ። አሁንም አልገባኝም። ግን ዝም ብዬ አልቆምኩም። ቀረብ ብዬ፣ "ሐሙስ ነው እትዬ" አልኳት። "እኔ ነኝ የምወስዳት።"

ስፒሎቹን ከአፏ አላወጣችም። ጨርቁን አዙራ ስፌቷን ቀጠለች።